ቆሻሻ ቅርጫት የገባው ወርቅ

አሜሪካዊቷ የስኖውቦርድ (በሰሌዳ በረዶ ላይ የመንሸራተት) ተወዳዳሪ ክሎይ ኪም እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ ኮሪያ ከተካሄደው የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ወርቅ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ሜዳሊያውን ወላጆቿ ቤት ያለ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ይህን የተናገረችው ራሷ ናት፣ ከዓመታት በኋላ። ስታሸንፍ ገና 17 ዓመቷ ነበር።

«ምን ጎደለባት?» የሚል ብዙ ነው። እኔ ግን አልፈርድባትም።

የምትወዳደርበትን ሃፍፓይፕ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ግዙፍ ቱቦ አስቡ፤ ግድግዳው ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ፣ ሁለመናው በረዶ። ተወዳዳሪዋ ሁለት እግሯን አንድ ሰሌዳ ላይ አስራ ከግድግዳ ግድግዳ ትንሸራተታለች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ አየር ላይ ትሽከረከራለች። ከሦስት ዙር የሚያዝላት ምርጡ ነጥብ ነው። ፒዮንግቻንግ ላይ ክሎይ የመጨረሻ ዙሯን ስትጀምር ወርቁ የሷ መሆኑ ተረጋግጦ ነበር። ቀስ ብላ ብትወርድ ማንም አይነጥቃትም። እሷ ግን ሦስት ጊዜ ሙሉ ለሙሉ የሚያሽከረክረውን ዝላይ ሁለቴ አከታትላ ሠርታ ከ100 98.25 አመጣች። በኦሎምፒክ ከሷ በፊት ይህን የሠራች ሴት የለችም። ኮሪያ የሚኖሩት አያቷ ስትወዳደር በአካል ያዩዋት ያን ጊዜ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በአንድ ጀምበር የአሜሪካ ተወዳጅ ልጅ ሆነች። በውድድሩ መሀል ቁርሷን ሳትጨርስ በመምጣቷ መቆጨቷን ትዊተር ላይ ጻፈች፤ አገሩ በሙሉ ወደዳት። ፊቷ የኮርንፍሌክስ ካርቶን ላይ ወጣ። ከቤት ወጥታ በሰላም መንቀሳቀስ አልቻለችም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላው ነው። በ13 ዓመቷ ኤክስ ጌምስ በሚባለው ትልቅ የስኖውቦርድና መሰል ስፖርቶች ውድድር ላይ ሜዳሊያ ስታገኝ የደረሳት መልእክት «የነጭ አሜሪካውያን ልጆችን ሜዳሊያ አትውሰጂ» የሚል ነበር። ሰው ተፍቶባታል። አባቷ ከኮሪያ የመጡ መሐንዲስ ናቸው፤ እሷን ልምምድ ወደምትሠራበት ካሊፎርኒያ ያለ ማሞዝ ተራራ ድረስ ለማመላለስ ሲሉ ሥራቸውን ትተዋል። እሷ ግን ሰው ፊት ከወላጆቿ ጋር በኮሪያኛ ማውራት አቆመች። ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ይህን ሲያነብ ሆዱ ይባባል። እዚያም «እማዬ፣ እዚህ አማርኛ አታውሪ» የሚል ልጅ አለ።

እንግዲህ ያው ሕዝብ ነው ያጨበጨበላት። በ2019 ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፤ ውድድሩን ትታ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገባች። «ጫፍ ላይ ሆኖ እንዴት ይቆማል?» ለሚሉ መልሴ አጭር ነው፤ ደግ አደረገች። ሜዳሊያዋ እስኪያስጠላት ድረስ የታከተች ልጅ ለማንም የቀረባት ዕዳ የለም።

ወደ ውድድር ተመልሳ በ2022 ቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ በመጀመሪያው ዙር 94 ነጥብ አመጣች። በቀሩት ሁለት ዙሮች ከዚያ የከበደ ዝላይ ሞክራ ሁለቴም ወደቀች። የደረሰባት ግን አልነበረም፤ በሃፍፓይፕ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያላት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።