ማርሚታውን ላስቆረጠው ወዳጄ

ሰው ሁሉ ቤንዚን ተወደደ እያለ ሲያማርር፣ አንድ ወዳጄ ግን መላውን አግኝቶታል። ቪትሱን ጋራዥ አስገብቶ ማርሚታዋን፣ ያቺን የጭስ መውጫውን ድምፅ የምታፍነውን፣ አስቆረጣት። ምነው ስለው "ሞተሯ በደንብ ትተንፍስ ብዬ ነዋ" አለኝ። እውነትም ተነፈሰች። አሁን እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ስትነሳ ፒያሳ ቡና የያዘው ሰው "መጣ" ይላል። ጉልበቷ ያው የድሮው ነው፣ ዳገት ላይ ባጃጅ ይቀድማታል፤ ግን እንዴት ባለ ግርማ ነው የምትቀደመው!

ቀጥሎ ማግኔት መጣ። የቤንዚን ቱቦው ላይ ይታሰርና ነዳጁን "ያስተካክላል"። ምኑን እንደሚያስተካክለው አልጠየቅኩም፣ ሊቅ አይጠየቅም። ብቻ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የሚያመጣ አንድም አላገኘም አልኩት። "ጎንደር መጥተው ሞክረዋል?" አለኝ። አልሞከሩም። ተረታሁ።

ከኋላ ክንፍም አስተክሏል። ክንፍ ሥራ የሚኖረው መኪና ሲከንፍ ነው፣ የሱ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ዙሪያ በአህያና በባጃጅ መሀል እየተሹለከለከች ነው የምትውለው። አርቆ አሳቢ ስለሆነ ነው እንጂ!

በአንድ ነገር ግን እውነት አለው። የከተማችን አየር ስስ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፣ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል፣ ስለዚህ አየር ጨምቆ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ በዚያው መጠን ገደማ ያጣል። ይህን የነገርኩት እኔ ነኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በማግስቱ የአየር ፊልትሮውን ነቅሎ ጣለው። "አየር እንደ ልቡ ይግባ!" ገባ። የማራኪ አቧራም አብሮ ገባ፣ አሁን ሲሊንደሯን ከውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየፋቀላት ነው፤ ያውም በነፃ።

ከጎሃ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ማርሽ አውጥቶ ፎሌ ይለቃል፣ ለቁጠባ። እንደሷ ያለ ኢንጄክሽን ሞተር ማርሽ ውስጥ እንዳለ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ብታነሳ ቁልቁለቱ ራሱ ስለሚያዞረው ቤንዚኑን ይዘጋል፤ ፎሌ ላይ ግን እንዳይጠፋ ሲል መጠጣቱን አይተውም። ወዳጄ ለቁጠባ ሲል ይኼንንም ይከፍላል። ፍሬኑም እስኪሸት አብሮት ይቆጥባል።

ባለፈው ሳምንት ጎሚስታ ጋ አብረን ቆምን። ልጁ ጎማውን ለካና "18 ነው ጋሼ" አለ። የሹፌሩ በር ጋ የተለጠፈችው ወረቀት ከ30 በላይ ትላለች። ከልኩ አንድ የግፊት ነጥብ (ፒኤስአይ) በጎደለ ቁጥር ፍጆታው 0.2 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ጎማውም ጠርዙ ይበላል። እኔ ይኼን ልናገር አፌን ስከፍት ልጁ ቀደመኝ፦

"ልንፋልዎት?"

"ስንት ነው?"

ነገረው። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ እንኳ አይሞላም። የማግኔቱን ሒሳብ ሳይከራከር የከፈለው ሰውዬ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"ለነፋስ?" አለና ሞተሩን አስነስቶ፣ ጎሚስታውንም እኔንም አደንቁሮን ሄደ።