የአሮጌ ጭነት መኪና ጌጅ ሲተካ ኪሎሜትሩ ይስተካከል ወይስ እንዳለ ይተው?

ለክርክሩ የቀረበው ጥያቄ፣ የአሮጌ ጭነት መኪና የዳሽቦርድ ጌጅ ተበላሽቶ ከሌላ መኪና በተፈታ ሲተካ ኪሎሜትሩ ከነባሩ ጋር እኩል ይደረግ ወይስ አይነካ የሚል ነው። አንደኛው ተከራካሪ በኮምቦልቻ የመኪና ኤሌክትሪሽያን፣ ሁለተኛው በደሴ የጭነት መኪና ባለቤት ናቸው።

ኤሌክትሪሽያኑ፦

ተፈትቶ የመጣ ጌጅ የሚናገረው የሌላ መኪና ጉዞ ስለሆነ፣ እንዳለ መተው ራሱ ሐሰት ነው። ነባሩ 412,300 ላይ ቆሞ ተተኪው 186,000 ቢያሳይ፣ ባለቤቱ አንዳች ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው መኪናው 226,300 ኪሎሜትር ያልሄደ መስሎ ለገበያ ይቀርባል። ሥራው የታወቀ ነው፤ በካቦ፣ ማለትም ከካምቢዮው ዙርን ወደ ጌጁ በሚያደርስ ተሽከርካሪ ሽቦ፣ በሚሠራው ጌጅ የቁጥር መዘውሮቹ ተፈተው በእጅ ይስተካከላሉ፣ በኤሌክትሮኒክሱ ደግሞ ኪሎሜትሩን የያዘችው ትንሽ ቺፕ ደህና ከሆነች ከነባሩ ቦርድ ተነቅላ ወደ አዲሱ ስለምትበየድ ቁጥሩን ማንም ሳይጽፈው አብሯት ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ከቁጥሩ የሚቀድም ጉዳይ አለ፤ ብዙዎቻችንም የምንሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። በጃፓን ሥሪት መኪኖች የተለመደው፣ ካቦው ለአንድ ኪሎሜትር 637 ጊዜ መዞሩ ነው። በዚያ ላይ በ1,000 ዙር አንድ ኪሎሜትር የሚቆጥር ጌጅ ቢገጠም፣ መኪናው 100 ኪሎሜትር ሲሄድ 64 ያህል ብቻ ይመዘገባል፤ በ80 ሲበርም ቀስቱ ከ51 አያልፍም። ጭነት ይዞ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር እንዲህ ባለ ቀስት ሲታለል ማሰብ ያስፈራኛል። ስለዚህ በመጀመሪያ ዙሩ ይመሳሰል፣ ከዚያም ቁጥሩ ይስተካከል እላለሁ።

ባለመኪናው፦

ስለ ዙሩ የተናገሩትን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ወንድሜ፣ 412,300 ያሉት ቁጥር እውነተኛ መሆኑን በምን አወቁ? ካቦ የተበጠሰበት መኪና አይቆምም፤ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ መመላለሱን ይቀጥላል፣ የቆመው ቆጣሪው ብቻ ነው። መዘውሮቹ አምስት የሆኑበት ቆጣሪም ከ99,999 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ቁጥር ወደ አዲሱ ጌጅ መገልበጥ ለግምት የማስረጃ ልብስ ማልበስ ነው።

እኔ ራሴ ቆጣሪው 140,000 ገደማ የሚያሳይ መኪና ገዝቼ ነበር። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላስቲክ አልቆ ብረቱ ወጥቷል፣ መሪውም ከእጅ ብዛት ተልጧል። ሻጩን ስጠይቀው "ጌጁ ተቀይሮ ተስተካክሏል" ከማለት በቀር ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንዳስተካከለው የሚያሳይ አንድም ወረቀት አልነበረውም። በዚያው ዓመት ካምቢዮውን አስወረድሁ። በአሜሪካ ሕግ እንኳ የተተካ ቆጣሪ ዜሮ ላይ ተደርጎ፣ የቀድሞው ኪሎሜትርና የተተካበት ቀን ተጽፎ በግራው በር ፍሬም ላይ ይለጠፋል።

ኤሌክትሪሽያኑ፦

ሕጉን ከጀመሩት እስከ መጨረሻው ይጥቀሱት። አስቀድሞ የሚያዝዘው ቁጥሩ እንደነበረ እንዲቀጥል ነው፤ ዜሮውና ጽሑፉ የሚመጡት ይህ በማይቻልበት ጊዜ ብቻ ነው። ደግሞስ በባቲ ሙቀትና አቧራ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ስንት ክረምት ይቆያል? መኪናው ቀለም ሲቀባ ይፋቃል፣ ገዢው ግን የሚያየው ቆጣሪውን ነው።

ባለመኪናው፦

እርማቱን እቀበላለሁ። ሕጉ ግን እስከሚፈታበት ቀን ድረስ ሲቆጥር ስለነበረ ቆጣሪ የሚናገር ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነና ቺፑ ከተዛወረች አልከራከርዎትም፤ ነባሩ ጌጅ በእጄ ይመለስልኝ፣ የሁለቱ ጌጆች ንባብና ቀኑ በጋራዡ ደረሰኝ ላይ ሰፍሮ ማኅተም ይረፍበት፣ ወረቀቱንም ከሊብሬው ጋር አስቀምጠዋለሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ቆጣሪው መቼ እንደቆመ ካልታወቀ ግን ዜሮ ላይ ተደርጎ ይጻፍልኝ፤ መኪናዬን ስሸጥ ገዢው ያንን ወረቀት አይቶ ዋጋ ቢቀንስብኝም እቀበላለሁ።