ክራር ሳይቃኙ ባቲ

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ ወሬ ይረዝማል። ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ዝናቡ እየወረደ ከቡና ቤት ማን ይወጣል? ባለፈው ቅዳሜም ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት ጀበና ቡና ተጠልለን ነበር። አራት ነን። አንዱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ ነው። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሦስተኛው በየሰርጉ ክራር የሚጫወቱ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አራተኛው እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ላይ ዝም ብዬ ነበር።

ነገሩን የጫረው ተማሪው ነው። ከስልኩ ላይ የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የአርክቲክ መንኪስን «ትራንኩዊሊቲ ቤዝ ሆቴል ኤንድ ካሲኖ» የተባለ አልበም ከፈተ። ስሙ አፍ ስለሚሞላ እኛ «ሆቴሉ» እንለዋለን።

«አጥፋው አቦ!» አለ የፋብሪካው ልጅ። «ዝናቡ መች አነሰንና ደግሞ ታስተኛናለህ? የፊተኛውን አልበማቸውን ኤኤምን ክፈት።»

«ኤኤም እኮ በፈረንጅ 2013 የወጣ ነው። እስከ መቼ?»

(የወጣበትን ቀን አልረሳውም። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 2005 ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው። ሆቴሉ የመጣው በግንቦት 2010 ነው።)

«ቢቆይስ? ዱ አይ ዋና ኖው ሲጀምር ያ ጊታር፣ ያ እግር መሬት ሲመታ የሚመስለው ከበሮ! ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን መንገድ ስንወርድ ሚኒባስ ውስጥ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እሰማዋለሁ፤ ወላሂ ከመንገዱ ጋር አብሮ ይታጠፋል። ሆቴሉንም ሐረጎ ላይ ሞክሬዋለሁ። ኮምቦልቻ እስክደርስ አንድም ዘፈን አልጀመረም።»

ቡና የምትቀዳው ልጅ ሳትቀር ሳቀች።

ተማሪው ግን የዋዛ አይደለም። «የማይጀምርልህ ጊታር ስለምትጠብቅ ነው» አለ። ዘፋኙ አሌክስ ተርነር 30 ዓመት ሲሞላው ማናጀሩ ስታይንዌይ ፒያኖ ሰጠው። ሎስ አንጀለስ ቤቱ ውስጥ እሷ ፊት ተቀምጦ ነው እነዚያን ዘፈኖች የጻፈው። የአልበሙ ስም የተወሰደው ደግሞ አፖሎ 11 በፈረንጅ 1969 ጨረቃ ላይ ካረፈበት ቦታ ነው። ሆቴሉም እዚያው ጨረቃ ላይ ነው፤ ጣሪያው ላይ ምግብ ቤት ሁሉ አለው።

«እኛ እዚህ ውሃ በፈረቃ እንጠብቃለን፤ እሱ ጨረቃ ላይ አልጋ ያከራያል!»

ይኼኔ ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ቆይ እስቲ ልጆች። ልጁ መሣሪያ ቀየረ ነው የምትሉኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያጨቃጭቃችኋል? ክራሬን ትዝታ ቃኝቼ ባቲ ልጫወት ብል ማን ይሰማኛል? መጀመሪያ ክሩን አላላለሁ፣ አጠብቃለሁ። ከዚያ ነው ጣቴ መንገዱን የሚያገኘው። አምባሰል ላይ የመጣልኝ ግጥም ባቲ ላይ አይመጣልኝም። እጁ ያው የኔ እጅ ነው፤ ግን ሌላ ቦታ ይሄዳል።»

ከአራቱ ቅኝት የሁለቱ ስም የመንደራችን ስም ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ አምባሰል ከደሴ በላይ። ስለዚህ ወሎ ውስጥ ክራር ተጫዋችን በቅኝት ጉዳይ የሚከራከር የለም። ተማሪው ግን ደስታው ፊቱ ላይ ታየ። «ይኸው! ጆሮህን ሳትቃኝ ነው የምትሰማው!»

የፋብሪካው ልጅ ትንሽ አሰበና፣ «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ቅኝት ሲቀይሩ ከበሮ መቺው ቤቱ ይሄዳል?»

ጋሼ መልስ አልሰጡም።

«ኤኤም ውስጥ አራት ሰው አለ» ብሎ ቀጠለ። «ከላይ የሚሰማው ያ ቀጭን ድምፅ የማን ይመስልሃል? ከበሮ መቺው ማት ሄልደርስና ቤዝ የሚጫወተው ኒክ ኦማሊ ናቸው። ሆቴሉ ውስጥ ግን አንድ ሰው ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ብቻውን ያወራል። ሌሎቹ ሻንጣ ተሸካሚ ናቸው።»

«ግን ድፍረቱን እይ! ኤኤም ሁለት ብለው ቢያወጡ ገንዘቡ እጃቸው ላይ ነበር። አምስት ዓመት ጠበቁ፣ አንድም ነጠላ ዘፈን አስቀድመው ሳይለቁ 11ዱንም በአንዴ አወጡ። እንዲያም ሆኖ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ።»

«አንደኛ የወጣው በኤኤም ብድር ነው።»

ዝናቡ ጋብ ሲል ዳኛው እኔ ሆንኩ። እኔ ከፋብሪካው ልጅ ጋር ነኝ። ያስተኛል በሚለው ግን አይደለም። እንዲያውም ኤኤም ራሱ መሐሉ ላይ ይዝላል፤ ከአምስተኛው ዘፈን በኋላ ያሉትን ሁለቱን ብዙ ጊዜ አልፋቸዋለሁ። ሆቴሉ ላይ የማልፈው ዘፈን የለም። ግጥሙም ከኤኤም ግጥም የሰላ ነው። ማታ መብራት አጥፍቼ የምሰማው እሱን ነው። ጉድለቱ ጊታር ማነሱ አይደለም፤ ባንዱ መጥፋቱ ነው። እንደ ሄልደርስ ያለ ከበሮ መቺ ይዞ እንደ እንግዳ ጥግ ማስቀመጥ ያሳዝናል። ተማሪው የቅኝቱን ነገር ለመከራከሪያ ወሰዳት እንጂ፣ ጋሼ ያሉት አዲስ ቅኝት ሁሉ ያምራል አይደለም። በፈረንጅ 2022 ቀጣዩ አልበማቸው «ዘ ካር» ሲመጣ ፒያኖው አልቀረም፣ ቫዮሊኑም ተጨመረ። ሌሎቹ ልጆች ግን ተመልሰው ገብተዋል። ለእኔ ሆቴሉ መሆን የነበረበት እንደዚያ ነው።

ይህን ስናገር ተማሪው ጃኬቱን እየለበሰ «አንተም ሐረጎ ነው የሚታይህ» አለኝ። የፋብሪካው ልጅ ሒሳብ ከፈለ፤ ያሸነፈ መስሎታል።

ጋሼ በር ላይ ስልካቸውን አወጡና ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «የጊታሩን ተወው ልጄ። ያቺን ጨረቃ ላይ ያለችዋን በቴሌግራም ላክልኝ። ማታ ክራሬን ይዤ እፈልጋታለሁ።»