ፖሊስ የረሳው፣ ጀበና ያስታወሰው

የደሴ ሰው ማስታወሻ ደብተር አያስፈልገውም። ጀበና ካለው ይበቃዋል።

በቀደም ሰኞ ገበያ አካባቢ አይሱዙና ባጃጅ ተጋጩ። ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ውጦታል፣ እኔ የራሴን ጫማ ለማየት እየታገልኩ ነበር። የባጃጁ ስፖኪዮ ረገፈ፣ ልጁም ክንዱን ተጎዳ። ትራፊክ ፖሊሱ መጣ፣ ለካ፣ ቆሞ ጥቂት መስመር ጻፈ። ጎረቤታችን ጋሼም ቃላቸውን ሰጡ፤ «ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል ተጋጭተው አየሁ።» ተነበበላቸው፣ ፈረሙ።

ከዚያ ቡና ተፈላ።

በአቦል ጋሼ የሰሙት ድምፁን ብቻ ነው። በቶና የአይሱዙው ፍጥነት ትዝ አላቸው፤ 80 ነው፣ ያውም በገበያ ቀን፣ አህያ ቀድሞት በሚሄድበት መንገድ! በረካ ሲቀዳ ሹፌሩ ስልክ እያወራ ነበር፣ ከማን ጋር እንደሚያወራም ያውቃሉ። አራተኛ ዙር ቢኖር ታርጋውን ከነሊብሬው ባወጡት።

ይህን ችሎታ አለማድነቅ ንፉግነት ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የሚባሉ አሜሪካውያን ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው፣ አንዱን ቡድን «ሲጋጩ»፣ ሌላውን «ሲላተሙ» እያሉ ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ «ሲላተሙ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ፣ ከሌሎቹ 50 ደግሞ 7ቱ፣ ፊልሙ ላይ ያልነበረ የተሰበረ መስታወት አየን አሉ። ምስኪኖች! እነሱ ሳምንት ፈጀባቸው፣ እኛ ሰፈር ሦስት ሲኒ ይበቃል። መቼም እኛ ዘንድ «ነካው» የሚል የለም፣ «እንዴት አርጎ ጨፈለቀው?» ነው ጥያቄው።

«ጋሼ፣ ታዲያ ይሄ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ለምን የለም?» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ መች ጠየቀኝና!»

እውነታቸውን ነው። ያልተጠየቀ አይጻፍም፣ በብርድ ቆሞ የሚጽፍ ሰውም ብዙ ነገር ይዘላል። ወረቀቱ ላይ ስለሌለ ብቻ ውሸት ነው አይባልም። ይሄን ተቀብዬ ሳልጨርስ አንድ ሊስትሮ «ባጃጁ እኮ መብራት አላበራም ነበር» አለ። ባለባጃጁ የሰፈራችን ልጅ ነው። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«አንተ! ያኔ ለፖሊሱ ለምን አልተናገርክም? ወረቀቱ ላይ የታለ? ውሸታም!»

ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አንድ ሚዛን በአንድ ቡና ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ የትም አላየሁም።

ሕጉ ግን ተሰጥኦ አያውቅም። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 145፣ ምስክር ለፖሊስ የሰጠው ቃል ፍርድ ቤት ቀርቦ ተአማኒነቱ እንዲፈተንበት ይፈቅዳል። ደረቅ ሕግ! በረካ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።

ትናንት ለጋሼ የምስክር መጥሪያ ደረሳቸው። ማታ በግድግዳው በኩል ባለቤታቸውን ሲያዙ ሰማኋቸው፤ «ነገ ቡናውን በጊዜ አፍይው፣ የማስታውሰው ነገር አለ።»