ሰሙ አረንጓዴ፣ ወርቁ ካሬ ሜትር

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል የሰማ እንግዳ ስመ ጥሮቹን የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ ዋሸራን ወይም ጎንጅን፣ ፈልጎ ይሄዳል። አይድከም እላለሁ። ቅኔው ከደብር ግቢ ወጥቶ ማዘጋጃ ቤት ገብቷል። እንግዳው ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ከሚያገኛቸው ከተሞች በአንዱ ወርዶ የፕላን ክፍሉን በር ቢያንኳኳ፣ ግድግዳው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ጠርዙ የተበላ አንድ ትልቅ ወረቀት ያገኛል። መዋቅራዊ ፕላን ይባላል። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ ሐምራዊው ኢንዱስትሪ ነው፤ እነዚህ በአንድ ንባብ ይፈታሉ። አረንጓዴው ግን ሰምም ወርቅም አለው። ለዚህ ቀለም፣ ለቀቢዎቹ፣ እንዲሁም ቀለሙን እንደ ወርቁ መፍታት ለሚያውቅበት የከተማችን ሕዝብ እስካሁን ተገቢው ምስጋና ስላልቀረበ፣ ዕዳውን እኔ ልክፈል ብዬ ተነሥቻለሁ።

ሰሙ ቀላል ነው። አረንጓዴ ማለት መናፈሻ፣ የወንዝ ዳርቻ፣ ረግረግ፣ ደን፣ ባጭሩ ቤት የማይሠራበት ሥፍራ ማለት ነው። ወርቁን ያስረዳኝ በምኖርባት ከተማ የፕላን ክፍል ውስጥ ባለፈው የካቲት ያገኘሁት ትሑት ወጣት ባለሙያ ነው። ከከተማዋ በታች የተኛውን ጨፌ የሚያሳየውን ሰፊ አረንጓዴ በጣቴ ነክቼ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ክፍት ቦታ ነው ጋሼ።»

«ክፍት ሲባል?»

«ገና ያልተያዘ።»

ኅብረ ቃል ማለት ይህ ነው። የቅኔ ተማሪ በአንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ማሳደርን ለመልመድ ስንት ሌሊት ከደጅ ያድራል፤ ይህ ልጅ ግን ሻዩን እያማሰለ «ክፍት» በምትል አንዲት ቃል ውስጥ መናፈሻውንም ሽንሻኖውንም አሳደራቸው። ጠጋ ብዬ ሳይ ደግሞ አረንጓዴው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሰመሩ ስስ መስመሮች አሉ፤ በየመስመሮቹ መካከል 1፣ 2፣ 3 እየተባለ እስከ 24 ተቆጥሯል። ሰሙ በማተሚያ ቀለም፣ ወርቁ በእስክሪብቶ።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ ሞልቷል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተማ ሁሉ በፕላን እንዲመራ ያዛል፤ መዋቅራዊ ፕላን ሲጸድቅም የ10 ዓመት ዕድሜ ይሰጠዋል። ይህን ያነበበ የዋህ ሰው መጀመሪያ ፕላን ይወጣል፣ ቀጥሎ ቤት ይሠራል ብሎ ሊረዳው ይችላል። የእኛ አፈጻጸም የላቀ ነው። ዐሥሩን ዓመት ቤት እንሠራበታለን፤ በዐሥረኛው ዓመት ባለሙያ እንጠራና የሠራነውን እንዲስልልን እናደርጋለን፤ ስሙንም የፕላን ማሻሻያ እንለዋለን። በዚህ ዓይነት ፕላኑና መሬቱ አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። የሊዝ አዋጁ፣ 721/2004፣ ያለ ፈቃድ የተያዘ ቦታ ከከተማው ፕላን ጋር ተጣጥሞ ሲገኝ ወደ ሕጋዊነት የሚገባበትን በር ከፍቶ ነበር፤ ቤቱን ከፕላኑ ጋር ማጣጣም ምስማር መንቀልና ግድግዳ ማፍረስ የሚጠይቅ ከባድ ሥራ ሲሆን፣ ፕላኑን ከቤቱ ጋር ማጣጣም ግን አንድ ስብሰባና አንድ ማኅተም ብቻ ይፈልጋል። በ1950ዎቹ ባሕር ዳርን የነደፉት የጀርመን ባለሙያዎች ይህ ጥበብ አልተገለጠላቸውም ነበርና መንገድ ባሉት ሥፍራ ሰፊ መንገድ ወጥቶበት ቀረ። ምን ያድርጉ፣ ቅኔ አልተማሩ።

ለሕዝቡ ያለኝ አድናቆት ለባለሙያዎቹ ካለኝ አያንስም። የጨረቃ ቤት ሲቆም በቅርብ ያላየ ሰው ስለ ትጋት ባያወራ ይሻለዋል። እኔ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ጧት፣ ቢሮ በተዘጋበት፣ ከቤቴ ጀርባ ካለው የወንዝ ዳርቻ አንዱ ሲቆም አይቻለሁ። ምሰሶውና ማገሩ ሌላ ቦታ ተለክተውና ተቆርጠው በጋሪ መጡ። አናጢው ምስማሩን በከንፈሩ ነክሶ፣ ልጁ በስልክ መብራት እያበራለት፣ ድምፅ እንዳይሰማ መዶሻው ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ሲመታ አደረ። ቆርቆሮው ሆን ተብሎ ዝገቱ ተመርጦ የተገዛ ነበር፤ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፣ ያሳብቃል። ጭቃው ሳይደርቅ ውስጡ እሳት ነድዶ ግድግዳው ጥላሸት እንዲጠጣ ተደረገ። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ገመዱ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል፤ ደጃፉ ላይ አንዲት ዶሮ በእግሯ ታስራ ትጭራለች። ሰኞ ረፋዱ ላይ የመጣው ደንብ አስከባሪ የተቀበለው የሁለት ሌሊት ቤት ሳይሆን የሃያ ዓመት ኑሮ ነው። ግራ ገብቶት ቆሞ ካየ በኋላ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገ፣ ቀኑን ጻፈበትና ሄደ። ባለቤቱ ኋላ ቤቱን ሲያስለስን ሌላውን ሁሉ አድሶ ያችን ቀይ ምልክት በጥንቃቄ ዙሪያዋን ትቷታል። ቤቱ በዚያ ቀን እንደነበረ የሚመሰክርለት ብቸኛ የመንግሥት ማስረጃ እርሷ ናት።

ገበሬውም ከቅኔው ማኅበር አልተነጠለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ስለሚል፣ በከተማ ዳር መሬት የሸጠ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። የተበደረ ግን ሞልቷል። ሦስት ሽማግሌዎች በምስክርነት በሚፈርሙበት ውል አርሶ አደሩ ይህን ያህል ሺህ ብር ተበድሮ፣ ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ያህል፣ መሬቱን በመያዣ ይሰጣል፤ ዕዳው እንደማይከፈል ከአበዳሪውም፣ ከተበዳሪውም፣ ከምስክሮቹም የሚጠራጠር የለም። ሰሙ ብድር፣ ወርቁ ሽያጭ። ለምን ይቸኩላል የሚል ካለ ሒሳቡን ያስላ። በቀድሞው አዋጅ፣ በ455/1997፣ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የተወሰደበት ገበሬ የ5 ዓመት አማካይ የዓመት ገቢው በ10 ይባዛለት ነበር፤ በ1161/2011 ደግሞ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ተመርጦ በ15 ይባዛል። መሻሻሉን አልክድም። ነገር ግን ለገበሬው የሚሰላው በጤፍ ኩንታል ሲሆን፣ ያው መሬት ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ የሚሰላው በካሬ ሜትር ነው። አያት ቅድመ አያቱ ያረሱት ማሳ 15 ዓመት ሆኖ በአንድ ቀን ተቆጥሮ ይከፈለዋል፤ በዐሥራ ስድስተኛው ዓመት ልጁ በማሳው ላይ ለቆመው ቪላ ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል። ግቢውን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቀው ስለሌለ ለሥራው የተሻለ ሰው አይገኝም።

ወደ ጨፌያችን ልመለስ። በበጋ አገሩ ሁሉ ሲነጣ ከብቱ የሚተርፈው በእርሱ ነበር፤ በክረምት ከላይ የወረደውን ውኃ ጠጥቶ ቀስ እያለ ለወንዙ የሚያቀብለውም እርሱ ነው። የእንቁጣጣሽ ቄጠማ ይታጨድ የነበረው ከዚያ ነው። አምና የአንድ የቤት ማኅበር የመሠረት ድንጋይ በጨፌው ጫፍ ሲጣል፣ ድንኳኑ ውስጥ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ከሌላ ቀበሌ ተገዝቶ በባጃጅ መጣ። በዚያ በተገዛ ቄጠማ ላይ ቆመን ስለ አረንጓዴ ከተማ የተደረገውን ንግግር በጭብጨባ አጅበናል፤ እኔም እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ።

ሐምሌ ሲገባ ውኃው መጣ። ቀድመው የሠሩት ሰዎች ምድጃቸው ሲንሳፈፍ አይተው «ጎርፍ ገባብን» ሲሉ ለቀበሌው አመለከቱ። እንደ እውነቱ ከሆነ ውኃው ወደ ቤቱ መመለሱ ነው፤ በሠፈሩ ከሁሉም ቀድሞ የሰፈረ ነባር ነዋሪ እርሱ ነበር። ሆኖም የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ የሆነው አረንጓዴ ደብተር የለውም፣ የመብራት ቆጣሪ አላስገባም፣ ሦስት ሽማግሌ አላቀረበም። ሰነድ አልባ ሆኖ ስለተገኘ ጉዳዩ ታይቶ፣ ቦይ ተቆፍሮለት ወደ ታችኛው ቀበሌ እንዲዛወር ተወሰነ። የታችኛው ቀበሌ ነዋሪዎችም ከዚያ ወዲህ ለወረዳው እያመለከቱ ነው።

ይህ ጥበብ በትንንሽ ከተሞች ብቻ የተወሰነ እንዳይመስል ጣናን ማንሣት ይበቃል። ሐይቁና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል። «ጥብቅ» የምትለዋ ቃልም ኅብር አላት፤ አጥብቆ ለያዘ ማለት እንደሆነች የሐይቅ ዳር ቦታ የሚያጫርቱ ደላሎች ይፈቱታል፤ ከሌላው ቦታ ዋጋው የሚንረውም ስለዚሁ ነው። እምቦጭ ራሱ ማንንም ሳያስፈቅድ ሰፍሮ፣ ሲነቀል ተመልሶ መስፈርን ከእኛ ሳይማር አልቀረም። የጣና ዳሯ የዘጌ ሰዎች ግን ያሳዝኑኛል። በገዳማቱ ሥርዓት በሬ ሳይጠምዱ፣ ጫካውንና ከሥሩ ያለውን ቡና ጠብቀው ስንት ትውልድ ኖረዋል። የቅኔ አገር ሰዎች ሆነው ሳለ በዛፍ ላይ መቀኘት አልሆነላቸውም፤ እነርሱ ዘንድ ዛፍ ሲባል ዛፍ ነው።

አንባቢ የፕላን ክፍሉ ዘንድ በየካቲት ምን ልሠራ እንደሄድሁ ሳይጠይቅ እንደማይቀር አውቃለሁ። ለጥናት ነው ብዬ ነበር የገባሁት፤ ልጁንም እንዲሁ ነው ያልኩት። ወረቀቱን ተመልክቼ ስጨርስ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ የማኅበራችንን ስም ነገርሁት፤ በዝግ ሒሳብ ገንዘብ ካስገባን ሦስት ዓመታችን ነው። ፈገግ አለና ጣቱን እኔ ጣቴን አኑሬበት የነበረው አረንጓዴ ላይ አሳረፈ።

«የማዕዘን ቦታ ይኖር ይሆን?» አልኩት።

«ማዕዘኖቹ አልቀዋል ጋሼ። ከወንዙ በኩል ያለችው ትቀራለች፤ እርሷ ግን ለመናፈሻ የተተወች ስለሆነች እስክትሻሻል ትንሽ ይጠብቁ።»