ሥራውን የሚሠራው ሙቀቱ አይደለም

ሰውነት ላይ ቀይ ብርሃን በማብራት ስለሚሰጠው ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን «ቀዩ ብርሃን ሰውነትን በማሞቅ ያድናል» የሚለው ላይ አልስማማም። በዚህ ሕክምና የሚሰጠው ብርሃን ኃይሉ ዝቅተኛ ስለሆነ ቆዳን እምብዛም አያሞቅም። ዋናው ነገር ያለው ሴል ውስጥ ነው። ቀዩና ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ቆዳን አልፎ ይገባል። እዚያ የሴሉ የጉልበት ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ይቀበለዋል ተብሎ ይታመናል። ያኔ ሴሉ ኤቲፒን፣ ማለትም የሚሠራበትን ጉልበት፣ በብዛት ያመርታል። የሰውነት መቆጣትም ሊቀንስ ይችላል።

ነገሩ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ቡዳፔስት ውስጥ ነው። ኤንድሬ መስተር የተባለው ሐኪም የተላጩ አይጦች ላይ ደካማ ሌዘር ሲያበራ ፀጉራቸው ቶሎ በቀለ።

ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ግን ለካንሰር ሕሙማን የሚሰጠው እፎይታ ነው። ኬሞቴራፒ ወይም ጨረር የሚወስድ ሰው የአፉ ውስጥ ተልጦ ምራቁን መዋጥ እንኳ ሊያቅተው ይችላል። ምግብ ሲቆም አቅም ይከዳል፣ ሕክምናውም ሊቋረጥ ይችላል። ብርሃኑ አስቀድሞ ከተሰጠ ይህን ቁስል ለመከላከል ይረዳል። ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎችም ለተወሰኑ ሕሙማን ይመክሩታል። እናንተ ይህን በአንድ መስመር ብቻ ማለፋችሁ ቆጭቶኛል።

ሌላው፣ መጠኑ ሲበዛ ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ መሣሪያውን ገዝታችሁ «ብዙ ባበራ ቶሎ እድናለሁ» እንዳትሉ። ዓይናችሁን ከብርሃኑ ጠብቁ። ካንሰር ያለበት ወይም የተጠረጠረ ቦታ ላይ ደግሞ ሐኪም ሳታማክሩ በፍጹም እንዳታበሩ።