ኮረንቲን ክፍል ውስጥ እናስተምራለን፤ ፖለቲካንስ?

«ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» እንላለን። ኮረንቲን ግን ከክፍል አላራቅነውም። ተማሪው ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ይሰጠዋል፤ ያያይዛል፤ ሲበራለት ደስ ይለዋል። የፖለቲካና የመንግሥት ትምህርት ላይ ስንደርስ ሽቦውን እንደብቅና ሥዕሉን ብቻ እናሳየዋለን። «ሦስቱን የመንግሥት አካላት ጥቀስ።» ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ። አለቀ። ሦስቱ ሲጋጩ ምን እንደሚሆን የጠየቀው የለም።

እኔ ሽቦውን ስጡት ባይ ነኝ። 30 ተማሪዎች የሽርሽር ቦታ ይምረጡ። 12ቱ ባሕር፣ 10ሩ ተራራ፣ 8ቱ ሙዚየም አሉ እንበል። ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ከተባለ ባሕር አሸነፈ። 18ቱ ግን ባሕር አላሉም። አሁን ደንቡን ቀይሩት፤ ከግማሽ በላይ ያላገኘ አያሸንፍም፣ የመጨረሻው ይውጣና ሁለቱ እንደገና ይወዳደሩ። የሙዚየሞቹ 8 ልጆች ወደ ተራራ ካዘነበሉ ተራራ 18 ለ12 ይረታል። ልጆቹ ያው፣ ምኞታቸው ያው፣ አሸናፊው ሌላ። «ተጭበርብረናል!» የሚል አይጠፋም። በቃ፣ ትምህርቱ ተጀመረ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የብሪታንያ ምርጫ ሌበር ፓርቲ በ34 በመቶ ገደማ ድምፅ ከምክር ቤቱ መቀመጫ 63 በመቶ ገደማውን እንዴት እንደያዘ ከዚያ በኋላ ብትነግሩት፣ የሚሸመደድ ቁጥር አይሆንበትም።

መምህሩ የራሱን ፓርቲ ቢሰብክስ? ፍርሃቱ ይገባኛል። በምዕራብ ጀርመን በ1976 ቦይተልስባኽ ላይ የተሰበሰቡ የዘርፉ ሰዎች ይህንኑ ተነጋግረው ነበር። ከዚያ የወጣው መርሕ አጭር ነው። መምህሩ አቋሙን አይጫን። አደባባይ ላይ የሚያከራክረው ክፍል ውስጥም አከራካሪ ሆኖ ይቅረብ። ተማሪው የራሱን ጥቅም መመርመር ይማር። እኔ ሁለተኛዋን እወዳታለሁ፤ ዝም ማለትንም ትከለክላለችና። «ይቺን እንለፋት» የሚል መምህር ገለልተኛ የሆነ ይመስለዋል። ልጁ ግን ቤቱ ገብቶ ስልኩን ይከፍታል፤ እዚያ የሚጮኸው ሰው ምንም አያልፍም።

«ገና ልጆች ናቸው» ለሚሉም፦ ብራዚል ከ1988ቱ ሕገ መንግሥቷ ጀምሮ፣ ኦስትሪያ ደግሞ ከ2007 ወዲህ የ16 ዓመት ልጅ እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ። እዚያ የክፍል ፈተናና የድምፅ መስጫ ወረቀት በአንድ ሳምንት ሊገጣጠሙበት ይችላሉ። ወረቀቱ ላይ ታዲያ «ሦስቱን አካላት ጥቀስ» አይልም።